ስልኩ ተኝቶ ማን ይሠራል? ሥራ የፈታ የሚመስለው ስማርት ስልክ በባትሪና በኔትወርክ ላይ የሚያሳድረው ጫና

ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ — በዚህች የመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ ከተማ ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሆኗል። በክሊቭላንድ ጎዳናና በሞርስ መንገድ ዙሪያ፣ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና መደብሮች በሚገኙባቸው የሰሜን ምሥራቅ ሰፈሮች፣ መብራቶች አንድ በአንድ እየጠፉ ነው። ከአልጋው ራስጌ በፊቱ ተደፍቶ የተቀመጠው ስልክም ባለቤቱን ተከትሎ የተኛ ይመስላል።

ይሁን እንጂ ከማርች እስከ ኖቬምበር ባሉት ወራት፣ በዚችው ቅጽበት አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እናት ቁርስ ያሰናዳሉ፤ ወንድም ታክሲ ለመያዝ ተሰልፏል፤ የቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድንም «እንዴት አደራችሁ» በሚል ሰላምታ ይከፈታል። የልደት ፎቶግራፍ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የዕድር ማስታወቂያ፣ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው የሚሻገር ዜና እየተከታተለ ይመጣል። ስክሪኑ የጠፋው ስልክ ይህን ሁሉ በዝምታ ሲቀበል ያድራል። ኮሎምበስ ሲያንቀላፋ አገር ቤት ይነቃል፤ ስልኩ ግን በሁለቱ መካከል እንቅልፍ የለውም።

ጠዋት ላይ ባለቤቱ ስልኩን አንሥቶ «ሳልነካው ያደረ ስልክ ባትሪው የት ሄደ?» ብሎ ይገረማል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ከአንድ ስልክ አልፎ የአንድን አገር የስልክ አገልግሎት ቀጥ አድርጎ እስከ ማቆም ይደርሳል። በሌሊት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ከአገር ቤትም የታመመ ወላጅ ዜና ለሚጠባበቅ ሰው ደግሞ ነገሩ የምቾት ጉዳይ አይደለም። የሚጠብቀው ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ሞቶ ሊያገኘው ይችላል።

የዘበኛ እንቅልፍ

ስማርት ስልክ ስክሪኑ ሲጠፋ የሚተኛው እንቅልፍ የዘበኛ እንቅልፍ ነው። ልምድ ያለው የሌሊት ዘበኛ ጋቢውን ተከናንቦ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጆሮው ግን ከበሩ አይለይም። ስልኩም የሬዲዮ መቀበያውን አጥፍቶ ይቆይና በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ለጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ከፍቶ «የሚፈልገኝ አለ?» ሲል ያዳምጣል። በአራተኛው ትውልድ ወይም በ4ጂ ኔትወርክ ይህ የማዳመጫ ዑደት ከ0.32 እስከ 2.56 ሰከንድ እንዲሆን በዓለም አቀፉ ደንብ ተደንግጓል። በየ1.28 ሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚያዳምጥ ስልክ በ24 ሰዓት ውስጥ 67,500 ጊዜ ጆሮውን ያቀናል ማለት ነው።

በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ስልክ በየትኛው ማማ ሥር እንደሚገኝ ኔትወርኩ ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው በርካታ ማማዎችን የሚያቅፈውን ሰፊ ቀጠና ብቻ ነው። ስለዚህ መልእክት ሲመጣ የስልኩ መለያ በቀጠናው ባሉ ማማዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊጠራ ይችላል። አንድ ሰው የሚኖርበት ቤት ጠፍቶ ስሙ በቀበሌው ሁሉ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እንደማለት ነው።

ይህ ማዳመጥ ብቻውን የሚበላው ኃይል አነስተኛ ነው። ስልኩ ከማዳመጥ በቀር ሌላ ሥራ ባይኖረው ኖሮ በአንድ ሙሌት ብዙ ቀናት በቆየ ነበር። የኃይሉ ብክነት ያለው ከመተኛቱ ላይ ሳይሆን ከመቀስቀሱ ላይ ነው።

ከጉብኝቱ የሚረዝም ሽኝት

አንድ መተግበሪያ ከማዕከላዊ አገልጋዩ ጋር «አለሁ፤ አለህ?» ለመባባል ሲፈልግ ስልኩ ኔትወርኩን መስመር ይጠይቃል፤ ማንነቱ ይረጋገጣል፤ የሬዲዮ መስመር ይመደብለታል። ከዚህ በኋላ የምትተላለፈው መልእክት ከአንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት ላትበልጥ ትችላለች፤ በዓይን ጥቅሻ ታልፋለች። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ኔትወርኩ «ሌላ የሚተላለፍ ነገር ይኖር ይሆናል» በማለት መስመሩን ወዲያው አይዘጋውም፤ የስልኩ ሬዲዮም ያለ ሥራ ነቅቶ ይጠብቃል።

በእኛ ባህል እንግዳ ሲሸኝ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «በቃ ልሂድ» ተብሎ ከተነሡ በኋላ በር ላይ ሌላ ጨዋታ ይጀመራል፤ አንዳንዴም ሽኝቱ ከጉብኝቱ ይረዝማል። በስልኩና በማማው መካከል የሚሆነውም ይኸው ነው። መሐንዲሶች በዚህ የሽኝት ጊዜ የሚባክነውን ኃይል «የጅራት ኃይል» ይሉታል፤ ዋናው ሥራ ካለፈ በኋላ እየተጎተተ የሚቀር ነውና።

የሽኝቱ ርዝመት ተለክቷል። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኤቲ ኤንድ ቲ ቤተ ሙከራ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረቡት ጥናት፣ በጊዜው አዲስ በነበረው የ4ጂ ኔትወርክ ላይ ስልኩ የመጨረሻዋን መልእክት ካስተላለፈ በኋላ ለ11.6 ሰከንድ ያህል ነቅቶ እንደሚቆይ፣ በዚያም ጊዜ 1 ዋት ገደማ ኃይል እንደሚወስድ አረጋግጠዋል።

እስቲ በዚህ ቁጥር እናስላ። አንድ መተግበሪያ በየአምስት ደቂቃው ስልኩን ቢቀሰቅስ በቀን 288 ጊዜ ይቀሰቅሰዋል። ይህ በ11.6 ሰከንድ ሲባዛ 56 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ስልኩ በቀን ለአንድ ሰዓት ጥቂት ለሚጎድል ጊዜ፣ ምንም ሳይሠራ፣ በ1 ዋት ኃይል ነቅቶ ይቆማል፤ የሚያባክነውም 0.9 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። የዚያ ዘመን ስልኮች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ዋት-ሰዓት ይይዝ ስለነበር ብክነቱ ከባትሪው ከ12 እስከ 19 በመቶ ይደርሳል። ይህ የአንድ መተግበሪያ ሒሳብ ብቻ ነው። ዛሬ የባትሪው መጠን አድጓል፤ የሽኝቱንም ሰዓት ኦፕሬተሮች እንደየሁኔታው ያሳጥሩታል። በአንጻሩ በእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ ያሉት መተግበሪያዎች ብዛትም የዚያኑ ያህል ጨምሯል።

የተግባሩ ዓለም ልኬትም ስሌቱን ይደግፋል። በጎረቤት የኢንዲያና ግዛት የሚገኘው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት በ61 አገሮች በአገልግሎት ላይ የነበሩ 2,000 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ3 እና ኤስ4 ስልኮችን ተከታትለዋል። ከዕለቱ የባትሪ ፍጆታ 45.9 በመቶው ስክሪኑ ጠፍቶ ባለበት ጊዜ የሚወጣ ሆኖ ተገኘ። በጀርባ እየነቁ የሚሠሩት መተግበሪያዎች ብቻቸውን ከጠቅላላው ፍጆታ 28.9 በመቶውን ይወስዱ ነበር። ሥራ ፈቷል የተባለው ስልክ ከጉልበቱ ግማሽ የሚጠጋውን በሥራ ፈትነቱ ሰዓት ጨርሷል።

የመዝገብ ቤቱ ወረፋ

የኔትወርክ መጨናነቅ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ቪዲዮን ነው። ቪዲዮ ከባድ ጭነት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሞባይል ኔትወርክ የሚሸከመው ሁለት ዓይነት ጫና ነው፦ አንዱ የዳታው፣ ሌላው መስመር ለመክፈትና ለመዝጋት የሚለዋወጡት የመቆጣጠሪያ መልእክቶች።

ልዩነቱን ለመረዳት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማሰብ ይበቃል። ባለጉዳይ ሁሉ፣ ጉዳዩ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ በቅድሚያ በመዝገብ ቤቱ መስኮት ያልፋል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ጉዳይ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ይመዘገባል። በየአምስት ደቂቃው እየተመለሰ «የመጣ ደብዳቤ አለ?» የሚል ሰው ግን ለመሥሪያ ቤቱ ምንም ሥራ ሳይሰጥ መዝገብ ቤቱን ያጨናንቃል። ፊልም የሚያይ ስልክ የመጀመሪያውን ባለጉዳይ ይመስላል፤ ኪስ ውስጥ የተቀመጠው ስልክ ሁለተኛውን። በአንድ ከተማ ውስጥ የኋለኛው ዓይነት በመቶ ሺሕዎች ሲቆጠር ውስጥ ያሉት ቢሮዎች ባዶ ሆነው እንኳ በሩ ላይ ወረፋ ሊፈጠር ይችላል።

ይህ በግምት የቀረ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 2012 በጃፓን መዲና በቶኪዮ የኤንቲቲ ዶኮሞ ኔትወርክ ለሰዓታት ተስተጓጉሎ 2.52 ሚሊዮን ያህል ደንበኞች ለችግር ተዳርገዋል። ኩባንያው ምክንያቱን ሲመረምር ያገኘው ከተገመተው በላይ የበዛ የመቆጣጠሪያ መልእክት ነበር። የስማርት ስልክ መተግበሪያዎች፣ በተለይም የመልእክትና የድምፅ መተግበሪያዎች፣ ባለቤታቸው ሳይነካቸው በራሳቸው ጊዜ የሚለዋወጡት ምልክት አዲስ የተተከለውን መሣሪያ ከአቅሙ በላይ አድርጎበት ነበር።

ከዚያ የሚልቀው ደግሞ በቅርብ ዓመት አሜሪካን ያጋጠማት ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2024፣ በኮሎምበስ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል፣ የኤቲ ኤንድ ቲ የሞባይል ኔትወርክ በአንድ የአደረጃጀት ስሕተት ምክንያት ደንበኞቹን በሙሉ ከመስመር አስወጣ። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ይፋ ባደረገው የምርመራ ሪፖርት መሠረት በ50ዎቹም ግዛቶች ከ125 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ተጎድተዋል፤ ከ92 ሚሊዮን በላይ የድምፅ ጥሪዎች ከሽፈዋል፤ ወደ አስቸኳይ የእርዳታ መስመር 911 የተደረጉ ከ25,000 በላይ ጥሪዎችም ሳይደርሱ ቀርተዋል።

ለጉዳያችን ትምህርት የሚሆነው የስሕተቱ መነሻ ሳይሆን የተከተለው ነው። ስሕተቱ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ታርሟል። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ግን ቢያንስ 12 ሰዓት ወስዷል። ምክንያቱም ሌሊቱን በየራስጌው ተደፍተው የነበሩት እጅግ ብዙ ስልኮች ባለቤቶቻቸው ተኝተው ሳሉ በአንድነት «መዝግቡኝ» እያሉ በሩን ያንኳኩ ስለነበር ነው። የመመዝገቢያው ሥርዓት በጥያቄ ብዛት ተዋጠ። አንድም ቪዲዮ ሳይታይ፣ አንድም ፊልም ሳይወርድ፣ የተኙት ስልኮች ብቻቸውን መንገዱን ዘጉት።

ቅዝቃዜው፣ መጋዘኑ፣ ስታዲየሙ

በኮሎምበስ የሚኖር አንባቢ ሦስት ተጨማሪ ነገሮችን በየዕለቱ ያያል። የመጀመሪያው የኦሃዮ ክረምት ነው። የሊቲየም-አዮን ባትሪ በብርድ ጊዜ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ጉዞም ይዘገያል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ መተግበሪያ በድንገት ሬዲዮውን ቀስቅሶ ከፍ ያለ ኃይል ሲጠይቅ የባትሪው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ሙሌት ቀርቶት የነበረው ስልክም ድንገት ይጠፋል። ሞቅ ካለ ቤት ሲገባ ደግሞ «ሞቶ የተነሣ» ይመስላል።

ሁለተኛው የሥራ ቦታ ነው። ኮሎምበስ የመጋዘንና የዕቃ ማከፋፈያ ከተማ ናት፤ ብዙ ወገኖቻችንም በነዚሁ መጋዘኖች በሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። በብረት የተከደነና የተከበበ ሰፊ ሕንፃ የሬዲዮ ሞገድን ያዳክማል። ደካማ ምልክት ውስጥ የገባ ስልክ ደግሞ ከማማው ጋር ለመነጋገር ድምፁን ከፍ አድርጎ መጮኽ አለበት፤ የማስተላለፊያ ኃይሉን በደንቡ እስከተፈቀደው 0.2 ዋት ያደርሳል፤ ይህን ለማመንጨትም ከባትሪው የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። ምልክቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ደግሞ ማማ ፍለጋ ሞገዱን ደጋግሞ ያስሳል። በዚህ ምክንያት በሠራተኛው የዕቃ ሳጥን ተቆልፎ ያደረ ስልክ ሌሊቱን ሲያወሩበት ካደረ ስልክ እኩል ደክሞ ሊገኝ ይችላል። የፈረቃው ማብቂያ በአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የቤተሰብ ጥሪ የሚበዛበት ሰዓት።

ሦስተኛው የቅዳሜው እግር ኳስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የተከፈተው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ102,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። አብዛኛው ሰው በጨዋታው ጊዜ ስልኩን አይነካውም፤ ኪሱ ውስጥ ነው። ያም ሆኖ መቶ ሺህ ኪሶች መቶ ሺህ ዘበኞችን ይዘዋል። በእረፍት ሰዓት ሁሉም በአንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ለመላክ ሲሞክሩ በጥቂት ስፋት ቦታ ላይ የአንድ ከተማ ሕዝብ ወረፋ ይፈጠራል።

የተደረጉት ማሻሻያዎች

መሐንዲሶች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የመጀመሪያው መፍትሔ እያንዳንዱ መተግበሪያ ለየብቻው እየተመላለሰ ከመጠየቅ ይልቅ ሁሉም በአንድ የጋራ መልእክተኛ እንዲገለገሉ ማድረግ ነበር። አፕል ይህን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2009 ጀመረ፤ ጉግልም ለአንድሮይድ ተመሳሳዩን አቀረበ። ሃያ ባለጉዳይ መዝገብ ቤት ከሚሄድ አንድ ተላላኪ የሁሉንም ደብዳቤ ቢያመጣ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ደግሞ ስልኩ ሳይነቀሳቀስና ሳይነካ ሲቆይ የመተግበሪያዎቹን ሥራ አጠራቅሞ በጥቂት ክፍተቶች ብቻ የሚያስፈጽም የድብታ ሥርዓት አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 የጸደቀው የአምስተኛው ትውልድ ወይም የ5ጂ ደንብም በንቃትና በእንቅልፍ መካከል ሦስተኛ ሁኔታ ጨመረ። በዚህ ሁኔታ ስልኩ ያንቀላፋል፤ ኔትወርኩ ግን የስልኩን መዝገብ ስላልዘጋው እንደገና ሲነቃ ከመጀመሪያው መመዝገብ አያስፈልገውም። በጥቂት መልእክቶች ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል።

እነዚህ ሁሉ የሥራ ፈት ስልክን ጉዳት የሚቀንሱ ናቸው። በኮሎምበስ የታሰበው ግን ከዚህ አንድ ርምጃ አልፎ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፦ ሥራ ፈትነቱን ራሱን መድኃኒት ማድረግ አይቻልም ወይ?

ከኦሃዮ ስቴት የወጣው ሐሳብ

እ.ኤ.አ. በ2010 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሄሻም ኤል ጋማል፣ ጆን ታድሮስና አቲላ ኤሪልማዝ አንድ የሒሳብ ጥናት አቀረቡ። መነሻቸው ማንም የሚያውቀው እውነት ነበር። ኔትወርክ የሚገነባው ለተጨናነቀው ሰዓት ነው፤ ምሽት ላይ ይጨናነቃል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አብዛኛው አቅሙ ያለ ሥራ ያድራል። በሌላ በኩል የሰው ልጅ ልማደኛ ፍጡር ነው። በየጠዋቱ አንድ ዓይነት ዜና ያነባል፤ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ዝግጅት ይከታተላል። ስለዚህ ስልኩ የባለቤቱን ልማድ አጥንቶ ነገ የሚፈልገውን ዛሬ ሌሊት፣ ኔትወርኩ ባዶ በሆነበት ሰዓት፣ ቢያወርድለትስ?

ተመራማሪዎቹ ጥያቄውን በሒሳብ ቋንቋ አስቀመጡት። ስልኩ የሚመጣውን ፍላጎት የተወሰነ ጊዜ ቀደም ብሎ ማወቅ ከቻለ፣ ኔትወርኩ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ደንበኛን የመመለሱ ዕድል ቀድሞ በታወቀው ጊዜ ርዝመት መጠን እየፈጠነ እንደሚቀንስ አሳዩ። ሌላም ግኝት ነበራቸው። ብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር የሚፈልጉ ከሆነና ኔትወርኩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አስቀድሞ ቢያስተላልፈው፣ ጥቅሙ ከጊዜው ርዝመት ጋር እኩል ከማደግ አልፎ ይበልጥ እየፈጠነ ያድጋል።

ይህ የኋለኛው ነጥብ ለሳተላይት ቴሌቪዥን ተመልካች እንግዳ አይደለም። ሳተላይት አንድን ዝግጅት አንድ ጊዜ ብቻ ያስተላልፋል፤ አሥር ቤት ቢያየው፣ አንድ ሚሊዮን ቤት ቢያየው ጭነቱ አይለወጥም። የሞባይል ኔትወርክ ግን በተለመደው አሠራሩ ያንኑ ቪዲዮ ለእያንዳንዱ ስልክ ለየብቻ እያደለ ያልቅበታል። የኦሃዮ ስቴት ሐሳብ፣ በአንድ ገጹ፣ የብሮድካስትን አሮጌ ጥበብ ወደ ኪሳችን ለመመለስ የሚደረግ ጥረት ነው።

በእርግጥ ሐሳቡ ዕዳም አለበት። ግምቱ ከተሳሳተ የወረደው ነገር ሳይታይ ይጣላል፤ ባትሪውም ዳታውም በከንቱ ይባክናል። ልማዳችንን እንዲያውቅ የፈቀድንለት ሥርዓት ደግሞ ከሚገባው በላይ ስለእኛ ሊያውቅ ይችላል። እዚህ ላይ ጥያቄው ከምህንድስና ወጥቶ የባለቤትነት ጥያቄ ይሆናል፦ ስልኩ በተኛበት ሰዓት የሚሠራው ለማን ነው? ወጪውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

አገር ቤት፦ ባትሪም ዳታም ገንዘብ ነው

ይህ የወጪ ጥያቄ ከኮሎምበስ ይልቅ በኢትዮጵያ ይከብዳል። በአሜሪካ ብዙ ደንበኛ በወር ከፍሎ ያለ ገደብ ይጠቀማል። በአገር ቤት ግን አብዛኛው ተጠቃሚ ዳታ የሚገዛው በጥቅል ነው፤ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር እያለ። ለእንዲህ ያለው ሰው ስልኩ ሳይጠይቀው በጀርባ የሚያወርደው ቪዲዮ ከኪሱ ሳንቲም እንደሚያወጣ እጅ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ባትሪ ራሱ ሀብት ነው። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ለብዙዎች የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል፤ ባትሪው ያለቀበት ሰው ቦርሳው ተቆልፎበት የቆመ ሰው ነው።

በሌላ ወገን ኢትዮ ቴሌኮም የሚሸጠው የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል፣ መሠረቱ ሲታይ፣ ከኦሃዮ ስቴት ሐሳብ ጋር ይዛመዳል። ባዶ የሚያድረውን የኔትወርክ አቅም በቅናሽ ዋጋ ለደንበኛው ያቀርባል። ልዩነቱ አንድ ነው። በአገር ቤቱ አሠራር ግምቱን የሚሠራው ኮምፒዩተር ሳይሆን ሰውየው ራሱ ነው። ተማሪው የነገውን የትምህርት ቪዲዮ በሌሊት ጥቅል ያወርድና ጠዋት ያለ ኔትወርክ ያየዋል። ምን እንደሚወርድ የወሰነው እርሱ ነው፤ የከፈለውም ለፈለገው ነው። ለወደፊቱ የሚመጣው ብልህ ሥርዓት ከዚህ ተማሪ የሚማረው ነገር አለ፦ ቀድሞ ማውረድ መልካም ነው፤ ባለቤቱ ሲፈቅድ።

ምን እናድርግ?

እስከዚያው ድረስ በእጃችን ያለው ቀላል ነው። በቅድሚያ ስልክዎን ይመርምሩት። ማታ ሲተኙ የባትሪውን መጠን ይመዝግቡ፤ ሳይሰኩት ያሳድሩትና ጠዋት ያወዳድሩ። በማግስቱ ሌሊት ደግሞ የበረራ ሁነታውን አብርተው ያንኑ ይድገሙ፤ ጥሪ የማይጠብቁበትን ሌሊት መርጠው። በሁለቱ ሌሊቶች መካከል የሚያዩት ልዩነት ለሬዲዮውና እርሱን ለሚቀሰቅሱት መተግበሪያዎች የተከፈለ ዋጋ ነው። ከዚያም በባትሪው ማስተካከያ ገጽ ውስጥ የትኛው መተግበሪያ በጀርባ ብዙ እንደሠራ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛ፣ በቴሌግራምና በመሰል መተግበሪያዎች ላይ ፎቶግራፍና ቪዲዮ በራሱ የሚወርድበትን ማስተካከያ በሞባይል ዳታ ጊዜ ይዝጉት። መልእክቱ ይደርሳል፤ ቪዲዮው ግን እርስዎ ሲከፍቱት ብቻ ይወርዳል። ሁልጊዜ የማያስፈልጉ የቡድን ማሳወቂያዎችንም ያጥፉ፤ የቅርብ ቤተሰብ ጥሪ የሚደርስበትን መንገድ ግን ክፍት ይተውት።

ሦስተኛ፣ ቤት ውስጥ አስተማማኝ ዋይፋይ ካለ ስልኩ በእርሱ እንዲያድር ያድርጉ፤ ለጀርባ ሥራ የሚወስደው ኃይል ከሞባይል ሬዲዮው ያነሰ ነው፤ የማማውንም መዝገብ ቤት ያሳርፋል። ምልክት በማይደርስበት መጋዘን የሚሠሩ ከሆነ በሥራ ሰዓት የበረራ ሁነታን ማብራትና በእረፍት ጊዜ ወጣ ብሎ መክፈት ባትሪውን ለፈረቃው ማብቂያ ያቆየዋል።

አንድ የተለመደ ስሕተትም እናርም። ብዙዎቻችን ባትሪ ለመቆጠብ ብለን መተግበሪያዎችን ደጋግመን ጠርገን እንዘጋለን። የሥርዓቱ ሶፍትዌር ግን ያረፈውን መተግበሪያ ማስተኛት ያውቅበታል። አስገድደን የዘጋነውን ከባዶ ለማስነሣት የሚጠፋው ኃይል ብዙ ጊዜ ከተቆጠበው ይበልጣል። የሚያስፈልገው የጀርባ ፈቃዱን መወሰን ነው።

ወደ ኮሎምበስ እንመለስ። ሰዓቱ አሁን ከሌሊቱ 9 ሆኗል። በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ የቡና ሰዓት። የቤተሰቡ ቡድን ደምቋል፤ በራስጌው ያለው ስልክም አንዴ ነቅቶ፣ ጥቂት ሰከንድ በር ላይ ቆሞ፣ ተመልሶ ይተኛል። ይህ መንቃት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዘበኛው የተቀመጠው ሊነቃ ነው። ዘበኛው ለውሻ ጩኸት ሁሉ በር እየከፈተ ሲያድር ግን፣ እናት ከአገር ቤት በእውነት ሲደውሉ የሚነሣበት ጉልበት ላይኖረው ይችላል። ለየትኛው ድምፅ እንደሚነቃ የሚነግረው ባለቤቱ ነው።